«ምን ተማርህ?» ስለምትባለው ጥያቄ

መጽሐፍ ማንበብ መልካም መሆኑን የማይናገር ሰው የለም። ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ ይናገረዋል፤ አባት ልጁን ሲቈጣ ይናገረዋል፤ መጽሐፍ ከገለጠ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው እንኳ ይናገረዋል። ነገር ግን አንድ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ስላነበበው ነገር እንዴት ሊናገር እንደሚገባው የሚያስተምር ጥቂት ነው። እኔም ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁና ዛሬ በጡረታ የምኖር ሰው ስሆን፥ ይህን ነገር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዘግይቶ ማወቅም ጨርሶ ካለማወቅ ይሻላልና፥ ያየሁትንና የደረሰብኝን ለእናንተ ለወጣቶቹ እጽፋለሁ።

የምኖረው በአዊ፥ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአዲስ ቅዳም ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ጥቂት የጎረቤት ልጆች ወደ ቤቴ መጥተው «መምህር፥ የተማርነውም እንዳይጠፋብን አንድ ነገር ያድርጉልን» አሉኝ። እኔም ጥቁር ሰሌዳም ሆነ የመማሪያ ክፍል ስለሌለኝ፥ እያንዳንዳቸው ያገኙትን መጽሐፍ እያነበቡ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥተው የተሰማቸውን እንዲነግሩኝ አዘዝኋቸው።

በመጀመሪያው እሑድ ስድስት ልጆች መጡ። ስድስቱም በየተራ እየተነሡ የመጽሐፉን ስም፥ የደራሲውን ስምና የታሪኩን አካሄድ በአጭሩ ከተናገሩ በኋላ፥ ሁሉም ንግግራቸውን የፈጸሙት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር። «ከዚህ መጽሐፍ የተማርሁት ትዕግሥት መልካም መሆኑን ነው» አለ አንዱ። «ከዚህ መጽሐፍ የተማርሁት ሥራን መውደድ እንደሚገባ ነው» አለች ሁለተኛይቱ። «ከዚህ መጽሐፍ የተማርሁት አገርን ማፍቀር ነው» አለ ሦስተኛው። የቀሩትም እንዲሁ። የመጻሕፍቱን ስም ባይጠሩ ኖሮ ስድስቱም አንዱን መጽሐፍ እየተቀባበሉ ያነበቡ ይመስሉኝ ነበር። ከተናገሩት ውስጥ ሐሰት የለም። ይሁን እንጂ ይህን ለማለት መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልጋቸውም ነበር። ትዕግሥት መልካም መሆኑንማ ፊደል ያልቈጠረ እረኛም ያውቃል።

ማታ ብቻዬን ሆኜ ነገሩን ባሰብሁት ጊዜ፥ ልጆቹ ይህን ልማድ ያገኙት ከእኔና ከመሰሎቼ መሆኑ ተሰማኝ። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ በየማለዳው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ክፍል ይነበብና፥ መምህራችን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁን ነበር። ፊተኛው «ምን ተማርህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የት ተጽፎአል? በጣትህ አሳየኝ» የሚል ነው። ፊተኛው ለሁላችንም ቀላል ነበር፤ በሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ እናፍር ነበር፤ የተናገርነው ያማረ ነገር በጣታችን ስንፈልገው ከገጹ ላይ አይገኝምና። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን፥ ይዤው የወጣሁት ቀላሉን ጥያቄ ብቻ ሆነ። ከባዱን እዚያው ትቼው መጣሁ።

ስለዚህ በሁለተኛው እሑድ «ምን ተማራችሁ?» የሚለውን ትቼ «በየትኛው ገጽ ላይ ቆማችሁ? ስለምንስ ቆማችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰማኋቸው አስተያየቶች መካከል አንዳንዶቹን ልንገራችሁ።

አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርቱን የፈጸመ ልጅ፥ ስለ ስኬት ከሚናገሩትና ከውጭ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱን አንብቦ ነበር። ባለጸጋ ለመሆን የሚያስፈልጉትን ነገሮች በጣቱ እየቈጠረ በቃሉ ነገረን። እኔም «ከእነዚህ ውስጥ ያልተቀበልኸው የትኛው ነው?» ብለው ደነገጠ። መጽሐፍን አለመቀበል የሚቻል አልመሰለውም። በሚቀጥለው እሑድ ግን መጽሐፉን ይዞ መጣና አንድ ገጽ ገልጦ አሳየን። በዚያ ገጽ ላይ ድኻ ድኻ የሆነው ዕቅድ ስለሌለው ነው የሚል ሐሳብ ተጽፎአል። ልጁም እንዲህ አለ፦ «እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች። ድንች ተሸክማ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። እያንዳንዷን ብር ለምን እንደምታውላት ከመሸጧ በፊት ታውቃለች። ይህ ገጽ እናቴን አያውቃትም።» በጊዜ ስለመነሣት የሚናገረውን ምዕራፍ ግን እንደ ወደደውና እንደ ጠቀመው ጨምሮ ነገረን። በእኔ አስተያየት ይህ ልጅ መጽሐፉን በሚገባ መዘነው፤ ጠቃሚውን ከማይረባው ለይቶአልና። እኔ ግን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ሳላነባቸው በጅምላ እንቅ ስለ ነበር፥ በፊቱ ጥቂት አፈርሁ።

ሌላው ልጅ የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ አነበብሁ አለ። ንግግሩ ከሁሉም ያማረ ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. መታተሙን፥ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚናገር መሆኑን፥ ከገበያ እንዲነሣ መደረጉን፥ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ መቅረቱን አንድም ሳይሳሳት ተረከልን። «በየትኛው ገጽ ላይ ቆምህ?» ብለው ግን ዝም አለ። ቈይቶም የተናገረውን ሁሉ ከስልኩ ላይ እንዳገኘውና መጽሐፉን ገና እንዳልገለጠው ነገረን። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ የገዛ ራሱ የነበረው ይህ ቃል ብቻ ነውና። ነገር ግን እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፥ ሰውየው ያየውን ጽፎ ደብዛው ጠፋ። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን መጽሐፍ በአምስት መስመር ተቀብሎ መሄድ ጨዋነት አይደለም።» ልጁ መጽሐፉን ከሰው ተውሶ ጀመረ። እስከ ዛሬ ግማሹን አልጨረሰም፤ ያነበበው ግን የራሱ ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ይዛ መጣች። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም፤ ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ የጎጃም ምድር ናቸው። በእኔ ዕድሜ ያለን ብዙዎች ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው እየሰማን አልቅሰናል። ልጅቱ ቀን ቀን ያነበበችውን ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ለአያቷ በአገውኛ ትተርክላቸው ነበር፤ አያቷ አማርኛ ብዙ አይሰሙምና። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ሊያጩ የመጡትን በዘር እያሳነሱ እንደመለሷቸው በነገረቻቸው ጊዜ፥ አያቷ አቋርጠው «እናቲቱስ ምን አለች?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ መልስ ስላልነበራት ወደ መጽሐፉ ተመልሳ ፈለገች። ለእኛም እንዲህ አለችን፦ «ወይዘሮ ጥሩአይነት ስለ ልጃቸው ሲያዝኑ አገኘኋቸው፤ ባላቸውን ሲያስቆሙ ግን አላገኘኋቸውም። ይህንኑ ለአያቴ ብነግራቸው «እኔም እንዲሁ ነበርሁ» ብለው እሳቱን ቈሰቈሱና ዝም አሉ። እኔም ከዚያ ገጽ አላለፍሁም።»

ይህን ስሰማ ተገረምሁ። እኔ መጽሐፉን በማስተምርበት ዘመን ሁሉ ስለ ፊታውራሪ ትዕቢት፥ ስለ ጉዱ ካሣ ድፍረት፥ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር አንሰጥም ስላሉት ገበሬዎች ብዙ ተናግሬአለሁ። ስለ ጥሩአይነት ዝምታ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ፊደል ያልቈጠሩ አንዲት ባልቴት እኔ በብዙ ዓመት ያላየሁትን በአንድ ሌሊት አዩት።

ልጅቱን የጠቀማት ምን እንደሆነ አስተውሉ። ታሪኩን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ነበረባት። ያልገባንን ነገር መሸምደድ እንችላለን፤ ያልገባንን ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ግን አንችልም። የጎጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ ከ200 ዓመት በፊት በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሲመልስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት፤ የጻፈውም ከ9,000 ገጽ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው «አነበብሁት» ቢል ያምርበታል፤ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መቆም ግዴታው ነበርና። እናንተም አፋችሁን በአገውኛ ፈትታችሁ በአማርኛ የምታነቡ ልጆች፥ ሁለት ቋንቋ መያዛችሁን እንደ ሸክም አትቍጠሩት። ያነበባችሁትን በእናታችሁ ቋንቋ ለቤተ ሰባችሁ ንገሩ፤ ያን ጊዜ የገባችሁና ያልገባችሁ ይለያል።

አራተኛው ልጅ ያነበበው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አዲስ ዓለም ነው። መጽሐፉ በ1925 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፥ አወቀ የሚባል ወጣት በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር እንዴት እንደ ተጋጨ ይናገራል። ከሚጋጩባቸውም ነገሮች አንዱ የአባቱ ተዝካር ነው። አወቀ ስለ ግብዣና ስለ ይሉኝታ ሀብትን ማፍሰስ አይገባም ይላል። ልጁ በመጀመሪያው እሑድ «አወቀ ጐበዝ ነው፤ እኛም እንደ እሱ መሆን አለብን» ብሎን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጁ አጎት ሞቱና ቤተ ሰቡ ተዝካር ደገሰ። ለዚያም በማሳቸው ላይ የነበረውን፥ ገና ለከሰል ያልደረሰ የዲከረንስ ዛፍ በርካሽ ሸጡ። የዛፉ ገንዘብ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት የታሰበ ነበር። ልጁ በሚቀጥለው እሑድ መጥቶ እንዲህ አለን፦ «በድግሱ ቀን ጠላ ስቀዳ ዋልሁ። አወቀ ትዝ አለኝ። ለመናገር አፌን ከፈትሁና የአጎቴን ሚስት ፊት አይቼ ዘጋሁት። ባለፈው አወቀን አወደስሁት፤ ዛሬ ግን እፈራዋለሁ። ደግሞ እሱ የአጎቴን ሚስት ቢያያት ኖሮ እንደዚያ ይናገር ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።»

አንዱ ልጅ «ታዲያ ማን ነው ትክክል?» አለው። «አላውቅም» ብሎ መለሰ። እኔም መልስ አልሰጠሁትም። አንድ ሰው «እንደ እሱ መሆን አለብን» ከማለት ተነሥቶ «እፈራዋለሁ» ወደ ማለት የደረሰ እንደሆነ፥ መጽሐፉ ከእጁ አልፎ ወደ ቤቱ ገብቶአል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፥ ወጣት መምህር ሳለሁ፥ ተማሪዎቼ ስለ ፍቅር እስከ መቃብር አንድ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝሁ። አንድ ዝምተኛ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የተጣላሁት ከፊታውራሪ ጋር ሳይሆን ከበዛብህ እናት ጋር ነው፤ ስለቱን የተሳለችው እሷ ስትሆን የከፈለው ግን ልጁ ነው፤ እኔንም ሳይጠይቁ የተሳሉብኝ ነገር አለ። እኔ ይህን አንብቤ በቀይ ቀለም ሠረዝሁበት። ከግርጌውም «ወላጅን ማክበር ይገባል፤ ከታሪኩ የምንማረውን ጻፍ» ብዬ ከአሥር አራት ሰጠሁት። ምን እንደ ተሳሉበት እንኳ አልጠየቅሁትም። ልጁ በማግሥቱ ስለ ፍቅር ኀያልነት አንድ ገጽ ጽፎ መጣ። ዘጠኝ ሰጠሁት።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ በዳንግላ መኪና መናኸሪያ ተገናኘን። ትልቅ ሰው ሆኖአል። በአክብሮት ሰላምታ ሰጠኝ። ወሬ ለማንሣት ያህል «አሁንስ ምን ታነባለህ?» ብለው ፈገግ ብሎ፦ «መምህር፥ እኔ ከእርስዎ የተማርሁት የሚፈለገውን መልስ ማወቅን ነው። ለፈተና ጠቅሞኛል። ማንበቡን ግን ያኔውኑ ተውሁት» አለኝ። በክፋት አልተናገረውም፤ እንዲያውም ሻንጣዬን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነልኝ። እኔ ግን እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ ከጎኔ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርሁም።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት አንድ ታሪክ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ንጉሥ ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ፥ ነቢዩ ናታን መጥቶ ብዙ በጎች ስላሉት ባለጸጋና አንዲት ግልገል ብቻ ስለነበረችው ድኻ ተረከለት። ባለጸጋው የድኻውን ግልገል ወስዶ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ በባለጸጋው ላይ ሞት ፈረደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኔ መምህሩ ብሆን ኖሮ ለዳዊት ከአሥር አሥር እሰጠው ነበር። ታሪኩን በሚገባ ሰምቶአል፤ ክፉውን ከደጉ ለይቶአል፤ ትምህርቱንም ሳይሳሳት አውጥቶአል። ነገር ግን ናታን ያ ሰው አንተው ራስህ ነህ እስኪለው ድረስ፥ ዳዊት ስለ ሌላ ሰው ይሰማ ነበር እንጂ ታሪኩ ገና አልነካውም።

ስለዚህ «ከዚህ መጽሐፍ የተማርሁት…» የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት፥ ያን ቃል እንደ ዳዊት በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ እየተናገርነው እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባናል። የፊታውራሪን ትዕቢት ማውገዝ ቀላል ነው፤ ፊታውራሪው በእኛ ላይ አይቈጡምና። እኛ በማን ዘር ላይ እንደምንስቅ፥ ጎረቤታችንን በሙያውና በቋንቋው እንደምንንቅ በዚያው ገጽ ላይ ማየት ግን ያማል። ያን የሚያደርግ ልጅ ንግግሩ ቢንተባተብም ከአንደበተ ርቱዑ ይበልጣል።

ነገር ግን በዚህ በኩልም ሌላ ጥፋት አለ። ከልጆቹ አንዱ የተመስገን ገብሬን የጉለሌው ሰካራም አነበበ፤ በ1941 ዓ.ም. የታተመና ብዙዎች የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ በኵር የሚሉት ነው። ልጁ ተነሥቶ ስለሚጠጣ አጎቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ነገረን፤ ንግግሩም ልብ የሚነካ ነበር። ስለ ተበጀ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። መጽሐፉ በር ላይ እንደ ቀረ እንግዳ ሆነ። ያን ጊዜ የጥንቱ መምህሬ ሁለተኛ ጥያቄ ትዝ አለኝና «የት ተጽፎአል? በጣትህ አሳየኝ» አልሁት። ልጁ ቢፈልግ ቢፈልግ አጎቱን ከመጽሐፉ ውስጥ አላገኘውም፤ ተበጀ ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው መሆኑን ሲያይም በዚያው አጎቱ እንዴት ሌላ ዓይነት ሰው እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። መጽሐፍ ራሳችንን የምናይበት መስተዋት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከራሳችን ሌላ የማናይበት ከሆነ መስተዋት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደራሲው ስለ እኛ አልጻፈም፤ ስለ ሌላ ሰው ጽፎ እኛን አገኘን እንጂ። ስለዚህ ለደራሲው የሚገባውን ክብር እንስጠው፤ ያላለውን አለ አንበል፤ ያለውንም ሳንሰማ አንለፍ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ምክሬ አጭር ነው። መጽሐፍ አንብበህ ስትጨርስ ወዲያው አታመስግን፥ ወዲያውም አትንቀፍ። አስቀድመህ የቆምህበትን ገጽ ፈልግ። በዚያ ገጽ ላይ ደስ ያለህ ወይም የተቈጣህ ስለምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ከደራሲው ጋር ካልተስማማህ በየትኛው ቃል ላይ እንዳልተስማማህ በጣትህ አሳይ። የሌላ ሰው አስተያየት ከስልክህ ላይ ብታነብ ነውር የለውም፤ የራስህ አስመስለህ መናገር ግን የሰውን ድግስ የራስ አድርጎ እንደ መጋበዝ ነው። መልሱን ካላወቅህም «አላውቅም» ለማለት አትፈር።

በየትምህርት ቤቱ ለምትገኙ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ያልጠበቃችሁትን ነገር ሲጽፍ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት «የት ተጽፎአል?» ብላችሁ ጠይቁት። ካሳያችሁ ስሙት። እኔ ያን ያህል ሳልታገሥ አንድ አንባቢ አጥፍቻለሁ፤ ምን እንደ ተሳሉበትም ሳልሰማ ቀረሁ።

የእሑዱ ጉባኤያችን ዛሬም አለ። ባለፈው ሳምንት ያች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስትመጣ አያቷን አስከትላ ነበር። እኔም ወንበሬን ለቀቅሁላቸው።